የተደበቁት ሦስት ሴኮንዶች

ፊዚክስ ላቦራቶሪ የገባን ሁሉ ያቺን ማታ እናስታውሳታለን። በክር የታሰረች የብረት ኳስ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። አንዳችን ሰዓት ይዘን እንቆጥራለን፤ ሌላችን እንጽፋለን። ሥራው የመሬትን ስበት፣ ማለትም ‹‹ጂ›› የምንላትን ቁጥር መለካት ነው። 9.81 መውጣት እንዳለበት ከመጽሐፉ አስቀድመን አውቀናል። ሂሳቡን ስንሠራው ግን 9.6 ይወጣል። ስንደግመው 9.9። ስንሠልሰው 9.77። ጊዜው መሽቷል፤ ካፌው ሊዘጋ ነው። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‹‹እስቲ ከመልሱ ተነሥተን ወደ ኋላ እናስላው›› ይላል። ሁላችንም ዝም እንላለን። ዝምታም ስምምነት ነው። ሰንጠረዡ ያምራል፤ ግራፉ ቀጥ ይላል፤ ማርኩም አይከፋም።

ይህን ስንጽፍ ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ እኛም ከዝምተኞቹ መካከል ነበርንና። ግን አንድ ጥያቄ አልለቀን አለ፤ ያቺ የደመሰስናት 9.77 ምን ጥፋት ነበረባት? መልሱን ፍለጋ ወደ ታሪክ ስንሄድ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንደኛው አንዲት ቁጥር የደበቀ ሰው አገኘን። ሰውዬው ሰነፍ ተማሪ አልነበረም። በዘመኑ ከነበሩት ጠንቃቃ ለኪዎች አንዱ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከታሪኩ በፊት ግን ሁለት ቃላት እንለይ። አስተማሪዎቻችን ‹‹አኩሬሲ›› እና ‹‹ፕሪሲዥን›› እያሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉልናል፤ እኛም ለፈተና ሸምድደን ከፈተና በኋላ እናቀላቅላቸዋለን። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ዒላማ ተኳሽ አምስት ጥይት ተኩሶ አምስቱንም በአንዲት ሳንቲም በምትሸፈን ቦታ ላይ ቢያሳርፍ እጁ የጸና ነው፤ ይህ ፕሪሲዥን ነው። ያቺ ቦታ ግን ከዒላማው ልብ አንድ ክንድ ርቃ ከሆነ ሰውዬው አልመታም፤ አኩሬሲ የለውም። ጠመንጃው ወደ ግራ የሚስት ከሆነ ሺህ ጊዜ ቢተኩስ ሺህ ጊዜ ወደ ግራ ይስታል። መደጋገም የእጅን መንቀጥቀጥ ያርማል እንጂ የጠመንጃን ጠማማነት አያርምም።

የእኛንም ፔንዱለም እንውሰድ። የክሩን ርዝመት ለክተን የኳሷን ግማሽ ወርድ መደመር ብንረሳ፣ አንድ ሜትር በሚያህል ፔንዱለም ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ብትጎድል፣ ጂ በመቶ አንድ ያህል ትወርዳለች። ማወዛወዙን ሌሊቱን ሙሉ ብንደግመው ያው ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ ሁሉም ግን ተስማምተው ይዋሻሉ።

ወደ ታሪኩ እንግባ።

አያቶቻችን ጨርቅ በክንድ፣ እህል በቁና ይሰፍሩ ነበር። ክንድ እንደ ሰዉ ነው፤ ስለዚህ ገበያ የሚወጣ ሰው ክንደ ረዥም ዘመድ ይዞ መውጣቱ ብልኅነት ነበር። ፈረሱላውም እንደ አገሩና እንደ ሸቀጡ ይለያይ ነበር። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይም ከዚህ የተሻለች አልነበረችም። የእህል መስፈሪያው ከመንደር መንደር ይለያያል። ግብር ተቀባዩ ባላባት መስፈሪያውን ከፍ አድርጎ ሲያሠራ ገበሬው የሚሄድበት ዳኛ የለም። ስለዚህ በ1789 አብዮቱ ሲፈነዳ፣ ሕዝቡ ጽፎ ካቀረባቸው አቤቱታዎች መካከል አንዱ የመስፈሪያ አንድነት መሆኑ ሊያስገርመን አይገባም። ልኬት የፊዚክስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕም ጉዳይ ነው።

የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ታዲያ የማንም ንጉሥ ክንድ ያልሆነ፣ የማንም አገር ንብረት ያልሆነ መለኪያ ፈለገ። መጀመሪያ የታሰበው በአንድ ሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚወዛወዝ ፔንዱለም ርዝመት ነበር። ነገር ግን ስበት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ፔንዱለሙም አብሮ ይለያያል። (ይህችን ነገር እንያዛት፤ በኋላ እንመለስባታለን።) በ1791 ውሳኔው መሬት ራሷ መለኪያ ትሁን የሚል ሆነ፤ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት አሥር ሚሊዮን ቦታ ተከፍሎ አንዱ እጅ ‹‹ሜትር›› ይባል ተባለ።

ዋልታ ድረስ ሄዶ የሚለካ የለም። ስለዚህ ከሰሜን ፈረንሳይ ዳንኬርክ እስከ እስፓኝ ባርሴሎና ያለው የኬንትሮስ መስመር ተለክቶ ቀሪው በስሌት እንዲገኝ ተደረገ። ሥራው ሁለት ነው፤ በአንድ በኩል ከተራራ ተራራ፣ ከቤተ ክርስቲያን ማማ ወደ ማማ እያዩ በሦስት ማዕዘኖች ሰንሰለት የምድሩን ርቀት ማግኘት፤ በሌላ በኩል በመስመሩ ጫፎች ላይ ከዋክብትን እየለኩ የቦታውን ኬክሮስ ማወቅ። በ1792 ሁለት የሥነ ፈለክ ሰዎች ከፓሪስ ወጡ። ዣን ባፕቲስት ደላምብር ወደ ሰሜን፣ ፒዬር ሜሼን ወደ ደቡብ።

የያዙት መሣሪያ ቦርዳ የተባለው ሊቅ የነደፈው ተደጋጋሚ ክብ ነበር። ብልኃቱ ያንኑ ማዕዘን ደጋግሞ ለክቶ፣ ድምሩን አንድ ጊዜ አንብቦ፣ በድግግሞሹ ቁጥር ማካፈል ነው። አሥር ጊዜ የደገመ ሰው የንባቡን ስሕተት በአሥር ይከፍለዋል። በዚያን ጊዜ፣ ታጋሽ የሆነ ሰው በድግግሞሽ ብዛት ስሕተትን እስከ ምንም ሊያሳንሰው ይችላል የሚል እምነት ነበር። ሜሼን ደግሞ ከታጋሾች ሁሉ ታጋሽ ነበር።

ዘመኑ ግን ለልኬት የሚመች አልነበረም። ደላምብር በየመንደሩ ማማ ላይ መነጽር ይዞ ሲወጣ ‹‹ሰላይ ነህ›› እየተባለ ተያዘ። ሜሼን ባርሴሎና ደርሶ ሞንዡይክ በተባለው ኮረብታ ላይ ካለው ምሽግ ሆኖ በ1792 እና በ1793 መካከል ባለው ክረምት የከዋክብቱን ልኬት በመቶዎች ጊዜ እየደጋገመ ጨረሰ። ውጤቱ ግሩም ነበር። ከዚያ መከራው መጣ። ከከተማው ውጭ የውኃ መሳቢያ መኪና ለማየት ሄዶ ዘንጉ መታው፤ ጎድኑ ተሰብሮ ራሱን ስቶ ወደቀ። በመጋቢት 1793 ደግሞ ፈረንሳይና እስፓኝ ጦርነት ገጠሙ። የምሽጉ በር ተዘጋበት፤ ከአገር እንዳይወጣም ተከለከለ።

ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችል ሰው ምን ያደርጋል? በከተማው ውስጥ ካደረበት ፎንታና ዴ ኦሮ ከተባለ የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ የኬክሮስ ልኬት ደገመ። በማረፊያውና በምሽጉ መካከል ያለውን አጭር ርቀት ስለሚያውቀው ሁለቱን ማመሳከር ቀላል ነበር። ሊስማሙ ይገባ ነበር። አልተስማሙም። ልዩነቱ ሦስት የማዕዘን ሴኮንድ ገደማ ሆነ።

ሦስት ሴኮንድ ምንድን ናት? አንድ ዲግሪ 3,600 ሴኮንድ ነው። ሦስቷ በምድር ላይ ስትተረጎም አንድ መቶ ሜትር ያህል ትሆናለች። ከዳንኬርክ እስከ ባርሴሎና ካለው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አንጻር ኢምንት ናት። ለሜሼን ግን ሰማይ ተደፋበት። እያንዳንዱ ልኬቱ ለየብቻው የጠራ ነበር፤ የምሽጉ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ የማረፊያውም እንዲሁ። እንግዲህ ሁለት ጥብቅ ቡድኖች፣ ሁለት ዒላማ ሆኑበት። አንዱ ይዋሻል። የትኛው? ወደ ምሽጉ ተመልሶ እንዳያጣራ በሩ ተዘግቷል።

ያን ጊዜ ሜሼን አንድ ውሳኔ ወሰነ። ለማንም አልተናገረም።

ፓሪስም ቢሆን የምትናገርላት ከተማ አልነበረችም። አካዳሚው በነሐሴ 1793 ተዘጋ። ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮዋዚዬ፣ የመለኪያው ኮሚሽን አባል የነበረው፣ በግንቦት 1794 አንገቱ ተቆረጠ። ደላምብር ከሥራው ተባረረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ‹‹ተሳስቻለሁ›› ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግተንም። ነገር ግን ሜሼንን በፍርሃት ብቻ ብንፈርድለት እውነቱን መሸፈን ይሆናል። አደጋው ካለፈ በኋላም፣ ወዳጆቹ በፍቅር በሚጠይቁት ጊዜም ዝም አለ። በ1798 ከየአገሩ የተጋበዙ ሊቃውንት ፓሪስ ላይ ተሰብስበው የልኬት መዝገቦቹን ሲመረምሩ ደላምብር የራሱን መዝገብ ገልጦ ሰጠ። ሜሼን ግን ዛሬ ነገ እያለ ቆይቶ በመጨረሻ ያቀረበው ራሱ ያስተካከለውን ጭማቂ ነበር። የማረፊያው ልኬት ከውስጡ ወጥቷል። ያልተስማሙ ቁጥሮችም እንዲስማሙ ተደርገዋል። ጉባኤው የሥራውን ጥራት እያደነቀ ተቀበለ።

ልብ እንበል። ያደነቁት በተለይ የቁጥሮቹን መስማማት ነው። እኛም አንድ ማታ ሰንጠረዛችን ስላማረ ተደንቀን አልነበረም?

በሰኔ 1799 ከፕላቲን የተሠራው ሜትር በክብር ተቀመጠ። ሜሼን የፓሪስ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ ሆነ፤ ክብር ተጨመረለት። እንቅልፍ ግን አልነበረውም። የኬንትሮሱን መስመር እስከ ባሊያሪክ ደሴቶች ላራዝም ብሎ ለምኖ በ1803 ወደ እስፓኝ ተመለሰ፤ መስመሩ ከባርሴሎና ካለፈ የባርሴሎናው ኬክሮስ አስፈላጊነቱ ይቀራልና። በመስከረም 1804 በትኩሳት በሽታ እዚያው ሞተ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ሁለቱንም በሽታ ይዞ ሄደ።

ወረቀቶቹ ደላምብር እጅ ገቡ። ደላምብር በእርሳስ የተሞነጫጨሩትን ነጠላ ገጾች አንድ በአንድ ሲያገጣጥም እውነቱን አየ። ያጋጠመው ችግር የእኛንም ሕሊና የሚፈትን ነው፤ የሞተ ባልደረባን ስም ያጉድፍ ወይስ ሐሰቱን ይሸፍን? መካከለኛውን መንገድ መረጠ። በ1806 ማሳተም በጀመረው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የማረፊያውን ልኬትና ልዩነቱን ገለጠ፤ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች ደግሞ አንድ ቀን የሚፈልግ ይመርምራቸው ብሎ በኦብዘርቫቶሪው ቤተ መዛግብት አስቀመጠ።

አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል ደረስን። ስሕተቱ የሜሼን አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1828 ኒኮሌ የተባለ ሌላ የሥነ ፈለክ ሰው እነዚያኑ ቁጥሮች ይዞ፣ ከራስ በላይ ካለው ነጥብ በስተሰሜን የሚያልፉትን ከዋክብትና በስተደቡብ የሚያልፉትን ለይቶ አስልቶ ሁለቱን አቻቻለ። ልዩነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። መሣሪያው በአገልግሎት ብዛት ዘንበል ብሎ ኖሯል፤ ዘንበል ማለቱም በአንድ ወገን ያሉትን ሲያስጨምር በሌላው ወገን ያሉትን ያስቀንሳል። ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ። የጎደለው ስለ ስሕተት የሚያስብ ሂሳብ ነበር። ሜሼን ልዩነቱን በጊዜው ለወዳጆቹ ቢያሳይ ኖሮ፣ ማን ያውቃል፣ ከሦስቱ አንዱ ምክንያቱን ይደርስበት ነበር።

ያ ሂሳብ ሩቅ አልነበረም። እርሱ በሞተ በዓመቱ፣ በ1805፣ ለዣንድር የተባለው የሂሳብ ሰው የማይስማሙ ልኬቶችን እንዴት አንድ ላይ ማስታረቅ እንደሚቻል የሚያሳየውን የ‹‹ትንሹ ካሬ ድምር›› ዘዴ አሳተመ። ምሳሌ አድርጎ የተጠቀመውም ይህንኑ የፈረንሳይ ኬንትሮስ ልኬት ነበር። ጋውስ በ1809 አስፋፋው። ከዚያ ወዲህ ስሕተት የኃጢአት ዓይነት መሆኑ ቀርቶ የራሱ ሥርዓት ያለው፣ የሚለካ ነገር ሆነ። ዛሬ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የምንጽፋት ‹‹ሲደመር ሲቀነስ›› የዚያ ዘመን ልጅ ናት።

ሜትሩስ እንዴት ሆነ? ዛሬ በሳተላይት እንደምናውቀው ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት 10 ሚሊዮን ሜትር ሳይሆን ወደ 10 ሚሊዮን 2 ሺህ ሜትር ነው። ስለዚህ ሜትራችን ከታሰበው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል አጥሮ ቀርቷል። ጥፋቱ ግን የሦስቱ ሴኮንዶች አይደለም፤ በአብዛኛው የመሬት ጠፍጣፋነት ከተገመተው የተለየ በመሆኑ ነው። የበለጠ የሚያስቀው ደግሞ በ1793 ከአሮጌ ልኬት ተሰልቶ ለጊዜው የወጣው ሜትር ከዚህኛው ይልቅ ወደ ልኩ የቀረበ መሆኑ ነው። የሰባት ዓመት ልፋት ፕሪሲዥን ጨመረ፤ አኩሬሲ ግን አልጨመረም።

ይህ የጥንት ሰዎች ነገር ነው የሚል ቢኖር ሚሊካንን እንጥራለት። አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎችን በአየር ውስጥ እያንሳፈፈ የኤሌክትሮንን ቻርጅ ለካ። በ1913 ያሳተመው ቁጥር በዛሬው መለኪያ 1.592 ሲሆን (በአሥር ኔጌቲቭ አሥራ ዘጠኝ ኩሎምብ) የስሕተቱን ወሰን ከመቶ 0.2 ብሎት ነበር። ትክክለኛው 1.602 ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ 0.6 ገደማ። ጠመንጃው ምኑ ላይ ጠመመ? የአየሩ ዝልግልግነት ተብሎ የተወሰደው ቁጥር ጥቂት ስሕተት ነበረበት። ጠብታ ቢጨመር፣ ሌሊት ቢታደር አይታረምም። ሪቻርድ ፋይንማን በ1974 ለተመራቂዎች ባደረገው ንግግር ነገሩን አንሥቶት ነበር። ከሚሊካን በኋላ የለኩት ሰዎች ቁጥር በአንድ ጊዜ ወደ ልኩ አልዘለለም፤ ቀስ በቀስ ጥቂት ጥቂት እያለ ወጣ። ለምን? ከታላቁ ሰው ቁጥር በጣም የራቀ ያገኘ ሰው ‹‹የት ተሳሳትኩ?›› እያለ ምክንያት ይፈልጋል፤ ቀረብ ያለ ያገኘ ግን አይፈልግም። እነዚህ ሰዎች ሐሰት አልጻፉም። ስሕተትን በአንድ ወገን ብቻ ፈለጉ እንጂ። ይህ ከእኛ የላቦራቶሪ ማታ የሚለየው በመጠን ነው።

አሁን ያቺን የያዝናትን ነገር እንፍታት። በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ሰው ከፓሪስ ወደ ካዬን ተላከ፤ ካዬን በደቡብ አሜሪካ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ፓሪስ ላይ ልክ የነበረው የፔንዱለም ሰዓቱ እዚያ በየቀኑ ከሁለት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ፔንዱለሙን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ማሳጠር ግድ ሆነበት። ሪሼም ማሳፈሪያ ቁጥር ይዞ ነበር፤ ‹‹ጥንቃቄ ጎድሎት ነው›› መባልም ነበረበት። እርሱ ግን በየሳምንቱ እየለካ እንዳገኘው ጻፈው። በ1687 ኒውተን ያቺን 3 ሚሊ ሜትር አንሥቶ መሬት ድፍን ኳስ ሳትሆን በወገቧ ያበጠች፣ በዋልታዎቿ የተጠፈጠፈች መሆኗን ለሚለው ሐሳቡ ማስረጃ አደረጋት። አንዱ ቁጥሩን ደበቀ፤ ምስጢሩ ገደለው። ሌላው ቁጥሩን ጻፈ፤ የመሬት ቅርጽ ተገለጠ።

እኛስ? 9.81 የፓሪስና የለንደን ቁጥር ናት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከባሕር ጠለልም 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሁለቱም ስበትን ይቀንሳሉ። እዚህ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ጂ 9.77 ገደማ ናት! እንግዲህ 9.81 አስተካክለን ያስረከብን ሁሉ፣ አለመለካታችንን በገዛ እጃችን ፈርመን አስረክበናል።

ግን አንኩራ። ያቺ ማታ የወጣችልን 9.77 በዕድል የወጣች ናት። 9.6፣ 9.9 እና 9.77 ያገኘ ሰው በሐቅ ሊጽፍ የሚችለው ‹‹9.8 ሲደመር ሲቀነስ 0.1›› ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ውጤት ፓሪስን ከአዲስ አበባ አይለይም። ለመለየት ምን ያስፈልጋል? አንድ ሜትር በሚያህል ፔንዱለም አንድ መቶ ውዝዋዜ ብንቆጥር በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 0.4 ሴኮንድ ያህል ይሆናል፤ ርዝመቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብንስት ደግሞ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ስለዚህ መቶውን ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ መቁጠር፣ ርዝመቱን እስከ ኳሷ መሐል በሚሊ ሜትር መለካት። የሰው ትዕግሥት እንጂ የውጭ አገር መሣሪያ አይጠይቅም።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ፔንዱለሙ ፊት ስንቆም ከመካከላችን አንዱ ‹‹ከመልሱ እንነሣ›› ማለቱ አይቀርም። ካፌውም ሊዘጋ ይሆናል። ያን ጊዜ ዝም አንበል። ያገኘነውን እንጻፍ፤ ከጎኑም ወሰኑን እንጻፍ፤ ያልተስማማውንም ቁጥር በአንድ መስመር ሰርዘን እንጂ ፍቀን አናጥፋው፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው ሊያነበው ይችላልና። ማርክ ቢጎድልብን አንድ ማርክ ነው። ሜሼን የጎደለበት እንቅልፉ ነበር።